ካሰች የሳተች ቀን

ቴፒ ውስጥ ሆዷ የገፋ ሴት ሁሉ አንድ ቀን ካሰች ፊት መቆሟ አይቀርም ነበር። ካሰች ቡና ለቃሚ ናት። እንደ ሌሎቹ ሆዱ ሾለ፣ ሆዱ ሰፋ፣ ፊቷ ማዲያት አወጣ እያለች አትንዘባዘብም። ነፍሰ ጡሯን ቡናው ውስጥ ታስገባትና መሬት የረገፈውን እንድታነሳ ታዛታለች። ስትንበረከክ ቀኝ ጉልበቷ ከቀደመ ወንድ፣ ግራው ከቀደመ ሴት፤ አለቀ። እውነት ይሁን አይሁን ፈጣሪ ይወቀው፤ ስትስት ግን ያየ የለም። ከማሻ ድረስ ተሳፍረው የሚመጡ ነበሩ። ኩራቷማ ለጉድ ነው! ገበያ ስትወጣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እሷ ያማጠችው ይመስል፣ ይሄንንም ያወቅሁት እኔ ነኝ እያለች ታልፋለች።

ጣጣው የመጣው ከገዛ ቤቷ ነው። ልጇ ዓለምሰገድ ወንድ ልጅ ካልወለድኩ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። ሚስቱ ንጋቷ ሁለተኛዋን ስታረግዝ ካሰች እንደ ልማዷ አይታ፣ ሴት ናት አለች። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሚስቱን ዞር ብሎም አላያት። እስከ መውለጃዋ ቡና ስትሸከም ከረመች። ሕፃኗ መዳፍ የማትሞላ ሆና ተወለደች፤ የተረፈችው በስንት መከራ ነው። ካሰች ያቺን ከሲታ ባቀፈች ቁጥር ያን ቃሏን ትረግም ነበር።

በሚሊኒየሙ ዓመት ንጋቷ ደግማ ፀነሰች። ዓለምሰገድም ይቺም ሴት ከሆነች ሌላ ማግባቴ ነው ብሎ በየጠላ ቤቱ አወራ። ካሰች ምራቷን ይዛ ቡናው ውስጥ ገባች። ልጇና ጎረቤቷ ጥሩነሽ መሬቱ በማይታያቸው ዳር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ንጋቷ እየፈራች ተንበረከከች። ግራ ጉልበቷ ቀደመ።

ካሰች እውነቱን ብትናገር ይቺኛዋም እንደ እህቷ በማህፀን ልትራብ ነው። ብትዋሽ ደግሞ ዕድሜ ልኳን የገነባችው ስም ሊፈርስ ነው። ብዙም አልቆየችም። ወደ ልጇ ዞራ፣ "ወንድ ነው" አለችው።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ዓለምሰገድ የሚስቱን ቅርጫት ነጥቆ ራሱ ተሸከመ። የጫካ ማር፣ ወተት፣ ዶሮ አልቀረባትም፤ ጤና ጣቢያም በባጃጅ ራሱ ያመላልሳት ጀመር። ማታ ማታ አፉን ሆዷ ላይ ደግኖ ከልጁ ጋር ሲያወራ ይገኛል።

ንጋቷ ሴት ወለደች። ክንዷ እጥፍጥፍ ያለ፣ ጩኸቷ አስፋልት ድረስ የሚሰማ ሴት። ሴቶቹ ለሴት ልጅ እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ እልል ብለው ሲያቆሙ፣ ካሰች ብቻዋን ቀጠለች፤ ለወንድ የሚባለውን ሰባቱን ሞላችው። ጥሩነሽ ሴት እኮ ናት ብትላት፣ "መቁጠር አላቃተኝም" አለቻት።

ዓለምሰገድ እልልታው ሦስት ላይ ተቋርጦ በእናቱ ድምፅ ብቻ መቀጠሉ ግራ ገብቶት፣ ፊቱን አጥቁሮ ገባና ምን ወለደች ሲል ጠየቀ። እናቱ ሕፃኗን ክንዱ ላይ አኖረችለት። የምታለቅሰው ልጅ ድምፁን ስትሰማ ቀጥ አለች፤ ለወራት ያዋራት ድምፅ ነዋ። እሱም ሳያስበው ያንኑ ወሬውን ቀጠለላት። ስለ ሌላ ሚስት ሲያነሳ ዳግመኛ የሰማው የለም።

የካሰች ስም ግን ተንኮታኮተ። ጥሩነሽ ዓይኗ ደክሟል እያለች በየቤቱ አዞረችው፣ ነፍሰ ጡሮቹም ቀሩ። ያቺ ኩሩ ሴትዮ ገበያ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ታልፍ ጀመር። ለልጅቷ ግን ስም ያወጣችው እሷ ናት፤ ኩሪባቸው አለቻት።

ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ አንድ ቀን ቡና ሲለቅሙ ንጋቷ የቆየ ጥያቄዋን አወጣችው። "እማማ፣ ያን ቀን ግራ ጉልበቴ እንደቀደመ እኔም አውቄዋለሁ። እርስዎ እንዴት ሳያዩት ቀሩ?"

ካሰች ለቀማዋን አቆመች። ኩሪባቸው አባቷ ትከሻ ላይ ተፈናጣ የቡናውን ቅርንጫፍ ትጎትታለች፤ እሱም እንድትደርስበት ዝቅ ያደርግላታል። አሮጊቷ እንደ ድሮው አንገቷን ቀና አደረገች።

"እኔ ስቼ አላውቅም" አለች። "ይሄን ግን አንቺ ብቻ እወቂው።"