ሞተሩ እየሠራ ይለካል

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ለማስመርመር ጋራዥ ወስጄ ነበር። ሠራተኛው ኮፈኑን ከፍቶ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘና በነጭ ወረቀት ጠርጎ አሳየኝ። "ይኸው፣ ጤነኛ ነው" አለ። ወረቀቱ ላይ እንደ ሮማን ጭማቂ የቀላ ጠብታ ቀስ እያለ ይሰፋል። እኔ ማየቱ ብቻ አልበቃኝም፤ ተቀብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሠራተኛው ሳቀብኝ። ሽታው ዘይት ዘይት ይላል፣ ከበስተኋላው ግን አንዲት የምትጣፍጥ ነገር አለችበት። እሷን ስስብ ጋራዡም፣ የሚጮኸው ራዲዮም ራቁብኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ሆነ፤ ሐይፋም በጋ ሆነ።

ያን ጊዜ ከጻቫ፣ በእስራኤል ሴት ልጅም ከምትገባበት ውትድርና ማለቴ ነው፣ ከወጣሁ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ቤታችን ከሐይፋ ማዶ ክርያት ከሚባሉት ከተሞች አንዷ፣ ክርያት አታ ነው። አባቴ በባሕሩ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ ይሠራል፤ ጧት ጧት የሠራተኛ አውቶብስ ከደጅ ይወስደዋል። እናቴ ደግሞ አረጋውያን ትንከባከብ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ነሸር በምትባለው ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሐይፋ፣ ከተራራው ወገብ ላይ። ከአንዱ ወደ ሌላው በአውቶብስ ስትንከራተት ቀኑ መንገድ ላይ ያልቅባት ነበር። በአርባ ስምንት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ አምስት ጊዜ ወድቃ በስድስተኛው። አባቴ "ፈታኞቹ ቢሰለቻቸው ነው ያሳለፏት" እያለ ይቀልድ ነበር፤ ወረቀቱን ለጎረቤት ሁሉ እያዞረ ያሳየ ግን እሱ ነው።

መኪናዋ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማታንስ፣ ነጭ የጃፓን መኪና ነበረች። ጣራዋን ፀሐይ በልቶታል፤ የሾፌሩን መስኮት በመዳፍ ካልደገፉት አይዘጋም። እናቴ ግን ጧት ስትቀመጥባት መሪውን መታ መታ አድርጋ "በይ እንግዲህ፣ እህቴ" ትላታለች። ከዚያች መኪና በቀር ማንንም እህቴ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

የሐይፋው ሽማግሌ በወጣትነታቸው ከሩማንያ የመጡ፣ አርባ ዓመት የአውቶብስ መካኒክ ሆነው የኖሩ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ውጭ አገር ነው። ዓይናቸው ደክሞ ጥላና ብርሃን ብቻ ነበር የሚለዩት። እናቴ "አባባ" ስትላቸው በዕብራይስጥ "አባ" ያለቻቸው ይመስላቸዋል፤ አባ በነሱም ቋንቋ አባት ማለት ነው። "እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ካጣሁ ቆየሁ" አሉኝ አንድ ቀን። ምኑ ይታረማል? ተውነው።

አንድ ጧት እናቴ መኪናዋን ከቤታቸው ሥር ስታቆም፣ ሽማግሌው ከሰገነቱ ላይ ሆነው ድምፅዋን ሰሙ። ገና ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ፣ "ያች መኪና ትንፋሽ ያጥራታል፤ ማነው የሚያያት?" አሏት። እናቴ ማንም እንደማያያት ተናገረች። በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ እሳቸው ወንበር ይዘን እንድናወርዳቸው አዘዙ። ከመኪና ማቆሚያው ጥግ፣ ከጥዱ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። ትምህርቱም እንዲህ ተጀመረ። እኔ አስተርጓሚ ነበርሁ። የናቴ ዕብራይስጥ የመድኃኒትና የሾርባ ዕብራይስጥ ነበር፤ የሞተር ቃል አልነበራትም።

የመጀመሪያው ዓርብ የሞተር ዘይት ሆነ። "ሞተሩን አጥፉ፤ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ታገሡ፤ ከዚያ ለኩ" አሉ። እናቴ ዘንጉን መዝዛ አየችውና ፊቷን አጨማደደች።

"ኧረ ይህስ የጠላ ድፍድፍ ነው!"

ተረጎምሁላቸው። ጠላ ምንድን ነው አሉኝ፤ የቤት ቢራ ነው አልኋቸው። ጠብታዋን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሽተው፣ "ቢራስ ቢሆን ይህን አልጠጣም፤ አሸዋ አለው። ለውጡት" አሉ። በሳምንቱ አስለወጥነው።

በሁለተኛው ዓርብ ተራው የአየር ማጣሪያው ነበር። እናቴ የሳጥኑን መያዣዎች በጣቶቿ ፈልቅቃ ስታወጣው የጥድ ቅጠልና ግራጫ አቧራ ተራገፈ። ሽማግሌው ተቀበሉና ወደ ፀሐይ አንሥተው በደካማ ዓይናቸው ፊት ያዙት። "ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም" አሉ፤ ቀጥለውም "ጨለማ ነው" አሉ። አዲሱን ስናቀብላቸው እንደዚያው አነሡት፤ ፊታቸው ላይ ስስ ወርቃማ ብርሃን በቀጫጭን መስመር ወረደ። "አሁን ነጋ!" አሉና ሳቁ። እናቴም ሳይተረጎምላት ሳቀች። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ስትነሣ ሳል የሚመስለው ድምፅ ጠፋ።

በሦስተኛው ዓርብ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይንቦገቦግ ነበር። ጓደኞቼ ባሕር ሊሄዱ ተጠራርተው ስልኬ በየደቂቃው ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል። ሽማግሌው ስለ ካምቢዮ ዘይት ይናገራሉ፤ ቀይ መሆኑን፣ ሽታው እንዴት እንደሆነ፣ በፍጹም ከሞተሩ ዘይት እንዳይቀላቀል። ከዚያ "ይህኛው ሞተሩ እየሠራ፣ ሞቆ ነው የሚለካ" አሉ።

ሰምቻለሁ። በደንብ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ባለፈው "አጥፉ" ብለው ነበርና፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ተምታታባቸው ብዬ አሰብሁ። ልጠይቃቸው እችል ነበር። ብጠይቅ ደግሞ ማብራሪያው ይረዝምና ባሕሩ ይቀርብኛል።

"ምን አሉ?" አለች እናቴ።

"አጥፊው አሉ።"

አጠፋችው። ለካች። ቀዩ ዘይት ከምልክቱ በላይ አልፎ ታየ። "ሞልቷል፣ ተመስገን" አለች። እኔም ለሽማግሌው ሙሉ ነው አልኋቸው። "እንግዲያስ ጤነኛ ናት" ብለው ወንበሩን ተደገፉ። እኔ ባሕር ሄድሁ። የዚያን ቀን ውኃ እንዴት ደስ ይል እንደነበር ዛሬም አልክድም።

ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ እናቴ ደወለችልኝ። ከነሸር ወደ ሐይፋ ዳገቱን ስትወጣ ነው። ቀጥታ የሚያሻግረው ዋሻ ተከፍቷል፣ እሷ ግን "ተራራ ሆድ ውስጥ ምን አስገባኝ" ብላ አትገባበትም። ስደርስ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ የሽማግሌው ምሳ ጭኗ ላይ ነው፤ ሻሿ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። እንደነገረችኝ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላዋ ሰው የጫነ አውቶብስ አለ። በፍሬኑም በእጅ ፍሬኑም ይዛ አቁማት፣ ሁለት መንገደኞች ገፍተው ዳር አስያዙላት።

"ሰው ልፈጅ ነበር፣ ልጄ" አለች።

ጎታች መኪና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። የጋራዡ ሰው ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም፤ አንዴ ማርሽ አስገብቶ የሞተሩን ጩኸት ሰማና "ካምቢዮው አልቋል፤ ለቁራጭ ብረት ሽጧት" አለ። እቤታችን ደጅ አስጎትተን አቆምናት። በእራት ሰዓት አባቴ እንደሌላው ጊዜ አልቀለደም። "ተይው እንግዲህ፣ አውቶብስስ ምን አለው?" አላት በለሰለሰ ድምፅ። እናቴ ቁልፉን ማቀዝቀዣው አናት ላይ አኖረችው።

"መንዳት ለኔ አልተፈጠረም" አለች። "አምስቴ ሲጥሉኝ ማወቅ ነበረብኝ።"

ሦስት ቀን ሙሉ ጧት ጧት ወደ አውቶብስ ማቆሚያው ስትወርድ በመስኮት አየኋት። በአራተኛው ቀን፣ እሷ ነሸር አሮጊቷ ዘንድ በምትሆንበት ሰዓት፣ ብቻዬን ወደ ሽማግሌው ሄድሁ። የሆነውን ነገርኋቸው። ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ያን ቀን ስትለኩ ሞተሩ ይሠራ ነበር?"

"አልነበረም።"

"እኔ እየሠራ አላልሁም?"

"ብለዋል። ተሳስተዋል ብዬ ነው አጥፊው ያልኋት።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ዳበስ ዳበስ አድርጎ የሻይ ብርጭቋቸውን አገኘ። "ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎደለው የሞላ ይመስላል" አሉ። "እውነቱ የሚታወቅ ሲሠራ ነው። ሂጂ፣ ጠብታ አምጭልኝ።"

ክርያት አታ ተመልሼ፣ ዘንጉን በወረቀት ጠርጌ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ እንደገና በአውቶብስ ወደሳቸው ወጣሁ። አሸተቱት። አሁንም አሸተቱት። "አልተቃጠለም" አሉ በመጨረሻ። "የተቃጠለ ቢሆን እንደ አረረ ዳቦ ይሸት ነበር። ይህች መኪና አልሞተችም፤ ጠምቷት ነው። በየት እንደሚፈስ ፈልጉ፤ ከዚያ አጠጧት።"

ዓርብ ጧት ቁልፉን ከማቀዝቀዣው ላይ አንሥቼ "እማዬ፣ ነይ እንውረድ" አልኋት። ሳትወድ ተከተለችኝ። ሞተሩን አስነሥተን አሞቅነው፤ ሳናጠፋው ዘንጉን መዘዝሁ። ጫፉ ብቻ ረጥቧል። እናቴ አንዴ ዘንጉን፣ አንዴ እኔን አየች።

"ባለፈው ሞልቶ አልነበረም?"

ነገርኋት። ሁሉንም፤ ባሕሩንም ጭምር። ሞተሩ በመካከላችን ያጉረመርማል። እጇን በጨርቁ ጠረገች፤ የጸዳውን ጣት ደግማ ጠረገችው።

"አርባ ዓመት መኪና ሥር የተኙ ሰው፣ አንች ተሳስተዋል አልሽ?"

"አዎ።"

ጨርቁን አጥፋ አኖረችው። ከዚያ በዝግታ፣ "እኔስ?" አለች። "ልጅ ሆነሽ ሐኪም ቤት ስታስተረጉሚልኝ፣ ለአስተማሪሽ፣ ለየቢሮው ሁሉ። ተሳስታለች እያልሽ ስንት ነገሬን አቃንተሽብኛል?"

ይህን ጥያቄ የሚያክል ከባድ ነገር በውትድርናው እንኳ አልገጠመኝም። መዋሸት ቀላል ነበር።

"ብዙ" አልኋት። "አፍር ነበር። ሰው እንዳይስቅብሽ እያልሁ አሳጥረው፣ አሳምረው ነበር።"

እናቴ ወደ መንገዱ ዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ረጥቧል፤ ፊቷ ግን አልከፋም። "እሽ" አለች። "ከእንግዲህ ተሳስቼም እንደሆነ፣ እንደ ተሳሳትሁ አድርሽልኝ። ስሕተቱም የኔ ነው።" ከዚያ ካርቶን አንጥፋ ከመኪናዋ ሥር ገባች። እግሯ ብቻ ሲታየኝ ሳቅም እንባም ያዘኝ።

"እዚህ ረጥቧል!" ስትል ሰማሁ። ወደ ራዲያተሩ ከምትሄደው ቱቦ ላይ ማሰሪያው ላልቶ ቀይ ዘይት ያልበዋል። ሞተሩን አጥፍተን ማሰሪያውን በመፍቻ አጠበቀችው። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቆርጣ፣ በዘንጉ ቀዳዳ ላይ ገልብጣ፣ በአንገቱ በኩል ገዝቼ ያመጣሁትን አዲስ ዘይት በጥቂት በጥቂቱ አፈሰሰች። እናፈሳለን፣ አስነሥተን እንለካለን፣ እንደገና እናፈሳለን። ያ የነገርኋችሁ ሽታ ልብሳችንን ሁሉ ያዘው። ምልክቱ ጋ ሲደርስ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ ስትያዝ ተሰማን፤ እንደ ተኛ ሰው ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደፊት ሄደች። አባቴ ከመስኮት እያየ ኖሮ አጨበጨበ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሽማግሌው "ዳገት ላይ ልስማት" አሉ። ከፊት፣ ከናቴ ጎን አስቀመጥናቸው፤ እኔ ከኋላ። መዳፋቸውን ማርሹ ላይ አኑረው፣ ማርሹ በተቀየረ ቁጥር "ሁለት... ሦስት..." ይላሉ። በዳገቱ አንገት ላይ ሞተሩ ጠለቅ ብሎ ሲያጓራ እናቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ መኪናዋ ግን ሳትንገዳገድ ወጣችው። ከአናቱ ላይ ቆምን። ከታች ባሕረ ሰላጤው ተዘርግቷል፤ ከወደቡ ማዶ ክርያቶቹ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ነጭ ሆነው ይታያሉ።

"ምን ይታያል?" አሉ ሽማግሌው።

አፌን ስከፍት እናቴ በመስታወቱ አየችኝ። ዘጋሁት። እሷ በገዛ ዕብራይስጧ ጀመረች። ባሕሩ ዛሬ እንደተኛ፣ የፋብሪካው ጭስ ወደየት እንደሚሄድ ነገረቻቸው። መርከቦቹንም ቆጠረችላቸው። በዕብራይስጥ መርከብ ሴት ናት፤ እናቴ በወንድ ቆጠረቻቸው። ማረሚያው ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ዋጥሁት። ሽማግሌውም አላረሟት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በእያንዳንዷ መርከብ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። "ስድስት፣ አባባ። ቤሰደር?" አለች፤ ደኅና ነው? ማለቷ ነው። "ቤሰደር" አሉ። እሳቸውም የምታስደስተውን መርከብ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አሉ።

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ ሽማግሌው አረፉ። ልጃቸው ከውጭ አገር መጥቶ ሰባቱን ቀን ኀዘን ሲቀመጥ፣ እናቴ ጥቁር ሻሿን አስራ በመኪናዋ ሄደች። "ልምጣ?" ብላት "ቤት ሁኝ" አለችኝ። ሁለት ሰዓት ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷ ግን ረግቶ ነበር።

"ምን ብለሽ አጽናናሽው?" አልኋት።

"ያልሁትን አልሁት" አለችና ጫማዋን አወለቀች።

ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አላውቅም።