ጉርሻዬን ሳልውጥ ያልኩት አሜን

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ማርታ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ መጥታ ጉልበቴን ስማ ተቀመጠች። «አባባ፣ ዩኒቨርሲቲ የምማረውን ልመርጥ ነው። ንግድና የአገር ባህል አንድ ላይ የሚያስተምሩበት ክፍል አለ። ይመርቁኝ» አለችኝ። እጄን ዘርግቼ ልመርቃት ስል የራሴ ወጣትነት ትዝ አለኝ። አንድ ላይ! ጉድ እኮ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ፈልጌ ልሞት ነበር።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። አባቴ ኮልፌ ገበያ ጅባ ይነግድ ነበር፤ ያንን ከእንሰት የሚሠራውን የጉራጌ ምንጣፍ። ክረምት ሲገባ ሱቃችን እርጥብ እንሰት እንሰት ይሸት ነበር፤ ሽታውን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አገር ቤት ያሉት ሴቶች እንዴት እንደሚሠሩት ስጠይቅ አባቴ «አንተ ልጅ፣ የሚገዛውን እወቅ፤ የሠራውን ማወቅ ምን ያደርግልሃል?» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም ማወቅ ፈለግሁ። ዩኒቨርሲቲ አንደኛውን ዓመት ስጨርስ አንድ አስተማሪ ቁርጡን ነገረኝ። ንግድ ከገባሁ ንግድ ብቻ ነው፤ የባህል ጥናት ከገባሁ ግን ጥቂት የንግድ ትምህርት መጨመር እችላለሁ። ምዝገባው ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ ነበር። የባህል ጥናት ልግባ ብዬ አባቴን የመስቀል ዕለት፣ በልቶ ጠጥቶ ደስ ሲለው፣ ላናግረው ወሰንኩ።

የዚያን ዓመት ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው አገር ቤት አልገባንም። ዘመድ ሁሉ ቀራንዮ ሰፈር እኛ ቤት ተሰበሰበ። ክትፎው በቅቤ ርሷል፣ ቆጮው ትኩስ ነው። ገና ወሬዬን ሳልጀምር የዘመዶቻችን ታላቅ ጋሽ በርጋ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። እኛ ቤት ሽማግሌ እጁን ከዘረጋ አሜን እንደ ማስነጠስ ነው፣ ሳያስቡት ይወጣል።

«ለከርሞ አገራችን ያስገባን!»

«አሜን!»

«ከብቱን ያርባልን!»

«አሜን!»

«ይህ ልጅ ንግድ ተምሮ በአባቱ ሱቅ ይቁም!»

«አሜን!»

ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልኩት እኔው ነኝ፣ ያውም ጉርሻዬን ሳልውጥ።

«ሰማችሁ አይደል? በገዛ አፉ አሜን አለ!» አለ አባቴ ፊቱ በርቶ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። በእኛ ዘንድ አሜን ያሉትን ምርቃት ማፍረስ በራስ ላይ እርግማን መጥራት ነው። የት አባቴ ልግባ?

በማግስቱ ጭቃውን እያቦካሁ ዘነበወርቅ ሰፈር ጋሽ በርጋ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ምርቃቱን ያንሱልኝ።»

«ምርቃት ጅባ መሰለህ እንዴ፣ ጠቅልለው የሚመልሱት?» ብለው ሳቁ። እንባዬን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። «ምነው ልጄ? ምን ብዬ ልመርቀው ብዬ አባትህን ጠየቅሁት፤ የነገረኝን አልኩ። አንተን መጠየቅ ትዝም አላለኝ።»

«እንግዲያው አባቴን ያናግሩልኝ።»

«አሜን ከተባለ በኋላ? አይሆንም።»

ስመለስ ፌርማታው ላይ ቆሜ አውቶቡሶቹን ዝም ብዬ አሳለፍኳቸው። ወደ ቤት መሄድ አስጠላኝ። በየአጥሩ ሥር የፈካው አደይ አበባ እንኳን የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። መጥፋትም አሰብኩ፤ ግን ወዴት? ተስፋዬ ሙጥጥ ብሎ አለቀ። ሰኞ ዕለት ንግድ ብዬ ተመዘገብኩ።

ተመረቅሁ፣ አባቴ እስኪያርፍም ድረስ አብሬው ሱቅ ቆምኩ። ሱቁ ክፉ አልነበረም፣ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ግን እነዚያ ጅባ ሠሪዎች የሚያውቁትን ማንም ሳይጠይቃቸው አንድ በአንድ አለፉ። ይህ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል።

«አባባ፣ አይመርቁኝም እንዴ?» አለች ማርታ።

«ቆይ እስቲ፣ ምን ብዬ ልመርቅሽ? አንቺው ንገሪኝ።»

መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ አገር ቤት ወርዳ ከሠሪዎቹ ጋር መቀመጥ እንደምትፈልግ፣ ሥራቸውን ከነታሪኩ መሸጥ እንደምታስብ ነገረችኝ። እኔም ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ እየደገምኩ መረቅኋት። ስጨርስ እሷን ሳልጠብቅ አሜን ያልኩት እኔው ነኝ።