የጋሼ ከድር ሪህ

ባለፈው እሁድ የወንድሜ ልጅ ቤተልሔም ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። እሷም እንደኔ ነርስ ናት። የምትሠራበት ሆስፒታል የመዳን ተስፋ ለሌላቸው ሕመምተኞች የማስታገሻ ሕክምና ሊጀምር አስቦ፣ ምን እንደሚያስፈልጋቸው የሚያጠና መጠይቅ አዘጋጂ ብሏታል። "አክስቴ፣ አንቺ ሠርተሽበታል፤ እስቲ እይልኝ" አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ሳገላብጥ መጨረሻው ገጽ ላይ "የሚያስፈልግዎት ነገር ምንድን ነው?" የሚል ጥያቄ፣ ከሥሩም ለመልስ የተተወች አንዲት መስመር አየሁ። እንዲህ ያለችውን መስመር እኔም በወጣትነቴ ይዣት መርካቶን ዞሬያለሁ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ደርግ ከወደቀ ዓመት አልፎታል፤ ከተማው ውስጥ ሁሉም ነገር እየፈረሰ የሚሠራበት ጊዜ ነው። የነበርኩበት ሆስፒታልም የማስታገሻ ክፍል ልክፈት ብሎ ተነሣ። ኃላፊው ዶክተር አሥራ ሁለት አልጋ የሚይዝ ክፍል በእርሳስ ስለው ጨርሰዋል። የክፍላችን አለቃ ሲስተር አልማዝ ግን ችኮላ የማይወዱ ሴት ነበሩ። "አልጋ ከመግዛታችን በፊት ሰዎቹ ይጠየቁ" አሉና፣ ከኛ ሆስፒታል "ከዚህ በላይ የምናደርግልዎ የለም" ተብለው የወጡትን የአዲስ ከተማ ሕመምተኞች ዝርዝር ሰጡኝ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። የመርካቶን ጭቃ በነሐሴ ያልረገጠ ሰው አያውቀውም፤ የበሰበሰ ጎመን፣ ናፍጣና የካርቶን ቁራጭ አብሮ የተቦካበት ነው። ጠዋት ጠዋት በአትክልት ተራ በኩል እገባለሁ። የሽንኩርት መኪኖች ሲራገፉ፣ ተሸካሚዎቹ "መንገድ! መንገድ!" እያሉ ሲያልፉ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጣብቄ ከግድግዳ እለጠፋለሁ። አርጅቼ ሳይሆን አይቀርም፣ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ በዚያ ዝናብ መሀል ጥግ ይዤ የበላሁት ትኩስ የተጠበሰ በቆሎ ነው።

ጋሼ ከድር ሰባተኛ አካባቢ ገመድና ጆንያ የሚሸጡ፣ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ ነጋዴ ነበሩ። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሱቁን ልጃቸው ነስሩ ይዞታል፤ እሳቸው ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ተኝተዋል። ገና በሩ ላይ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ክንዴን ያዙኝ።

"የኔ ልጅ፣ የበሽታውን ስም እንዳታነሺበት። ሪህ ነው ብለነዋል።"

"እሺ እትዬ" አልኩ።

ክፍሉ አዲስ ጆንያ ይሸታል። ጋሼ ከድር በሦስት ትራስ ተደግፈዋል፤ ጢማቸው በደንብ ተስተካክሏል። እትዬ ዘሀራና ነስሩ በግራና በቀኝ ቆመው፣ እኔ ጥያቄዬን አንድ በአንድ አነበብኩ። ደረጃ ይወጣሉ? ምግብ ይበላሉ? የሚረዳዎት ሰው አለ? መጨረሻ ላይ የሚያስፈልጋቸውን ጠየቅኋቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አላጣሁም" አሉ ፈገግ ብለው። ግራ እጃቸው ግን የአንሶላውን ጫፍ ጨምድዶ ይዞ ነበር። አየሁት። አይቼው "ምንም" ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።

ሲስተር አልማዝ ወረቀቶቼን አገላበጡና "ስትጠይቂያቸው ማን ነበር?" አሉኝ።

"ሚስታቸውና ልጃቸው።"

"ተመለሺ። ወረቀቱን ከቦርሳሽ አታውጪ። ዝም ብለሽ አጠገባቸው ተቀመጪ።"

በማግስቱ ተመለስኩ። እትዬ ዘሀራ ፓፓያ ሊገዙ ወጥተዋል፤ ነስሩ ገበያተኛ ይዞታል። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ጋሼ ከድርም ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። ውጭ አንዱ ገመድ ሲያስለካ ይሰማል። "ይሄ ሰውዬ ይከራከራል እንጂ ይገዛል" አሉ ሳቅ ብለው። ድምፁን ሰምተው ደንበኛቸውን ያውቃሉ። ከዚያ ዞረው አዩኝ።

"ልጄ፣ ሪህ ሰው ይገድላል?"

ለእትዬ ዘሀራ እሺ ብያለሁ፤ እኚህን ሰው ደግሞ ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም።

"ተይው፣ አትጨነቂ" አሉኝ። "ያን ቀን ሐኪሙ ለነስሩ ሲነግረው ፊቱን አይቻለሁ። ዘሀራ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ሪህ ነው ሲሉኝ አዎ ሪህ ነው የምለው።"

ምን እንደሚፈልጉ ያን ጊዜ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሕመሙ ትንሽ ፋታ ቢሰጣቸው ቁጭ ብለው መስገድ ይፈልጋሉ፤ ከጸናባቸው ወዲህ የሚሰግዱት በዓይናቸው ብቻ ነው። ሆስፒታል ተመልሰው መተኛት አይፈልጉም፤ እዚያ የሰው ድምፅ የለም። ከዘሀራም ጋር በወጉ መነጋገር ይፈልጋሉ፤ የት እንደሚቀበሩ፣ ሌላም ሌላም። "አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣ አሁን እንደ እንግዳ ስለ ዝናቡ ነው የምናወራው" አሉኝ።

ከክፍሉ ስወጣ እትዬ ዘሀራ ፓፓያውን ይዘው ሲገቡ ተገናኘን። ወጣት ነበርኩ፤ የሰማሁት ደረቴን ሞልቶታል፤ ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ነስሩ እየሰማ፣ "እትዬ፣ እሳቸው እኮ ያውቃሉ" አልኳቸው።

ፓፓያው ከእጃቸው ወደቀ። ነስሩ ከባንኮኒው ዘሎ ወጣ።

"አንቺ ነሽ የነገርሽው! አደራ ተብለሽ! ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪልኝ!"

ገበያተኛው ሁሉ እያየኝ ወጣሁ። እስከ ሲኒማ ራስ በዝናብ ሄድኩና ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ሲስተር አልማዝ ያጽናኑኛል ብዬ ነበር፤ አላጽናኑኝም። "ልንገርልዎ ወይ ብለሽ ሰውየውን ጠይቀሻቸዋል?" አሉኝ። አልጠየቅኋቸውም። የሚስታቸውን ፈቃድ ጠብቄ፣ የገዛ ምስጢራቸውን ግን እንደ ራሴ ዕቃ አውጥቼ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘሀራ ሆስፒታል ድረስ መጡ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ተነሣሁ።

"ቁጭ በይ" አሉኝ። "ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ሲያወራኝ ዋለ። ስንት ነገር ይዞ ኖሯል! ግን መሀል ላይ ሕመሙ አፉን ይዘጋዋል። የጀመረውን ሳይጨርስ ሊሄድብኝ ነው። ሕመሙን የሚያስታግስ ነገር ስጪኝ።"

የምሰጣቸው አልነበረኝም። ሞርፊን በመርፌ ብቻ ነበር ያለን፤ እሱም ተቆልፎበት ለተኙ ሕመምተኞች ብቻ ይሰጣል። ሲስተር አልማዝ እትዬ ዘሀራን እጃቸውን ይዘው ዶክተሩ ቢሮ አስገቧቸውና "ለልጅቷ የነገሯትን ይንገሩልኝ" አሏቸው። እትዬ ዘሀራ ሲጨርሱ ዶክተሩ ክፍሉን የሳሉበትን ወረቀት ወደ ጎን ገፉት። "እኔ እኮ አልጋ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር" አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ፈቃዱ ስንት ቢሮ እንደዞረ አልተርከውም። በመስከረም አጋማሽ የሚጠጣ ሞርፊን በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ሰባተኛ ሄድኩ። ነስሩ አየኝና የባንኮኒውን መዝጊያ አነሣልኝ። በሳምንቱ ስመለስ ጋሼ ከድር ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው እየሰገዱ ነበር። እትዬ ዘሀራ ከኋላቸው ትራስ ይዘው፣ ቢያጋድሉ ሊደግፉ ተዘጋጅተዋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

ጥቅምት ላይ ዐረፉ፤ እንደተመኙት አገር ቤት ከአባታቸው ጎን ተቀበሩ። ለቅሶ ስደርስ ነስሩ ወንበር አመጣልኝና አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከአሥራ ሁለቱ አልጋዎች ሦስቱ ብቻ ቀሩ። በቀሪው በጀት ቤት ለቤት የሚዞሩ ሁለት ነርሶች ተመደቡ፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ያደረግሁት ከጋሼ ከድር በፊት በሩጫ የሞላኋቸውን ወረቀቶች ይዞ እያንዳንዱን ቤት እንደገና ማንኳኳት ነው። አንድ ቤት ስደርስ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። የሟቿ ልጅ አወቀችኝና "እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ትጮህ ነበር፤ አንቺ ስትመጪ ግን ታፍርሽ ነበር" አለችኝ። ያንን እስከ ዛሬ መርሳት አልቻልኩም።

ይህን ሁሉ ለቤተልሔም ነገርኳት። ሻዩ ቀዝቅዟል። መስመሯን አስረዝሚያት ወይም ሰርዣት አላልኳትም፤ እንዴት ብትጻፍ እንደሚሻል እኔም አላውቅም። ያልኳት ሁለት ጊዜ እንድትሄድ ብቻ ነው።

"አክስቴ፣ ለሁለተኛ ጉብኝት ጊዜ አልተመደበልኝም እኮ" አለችኝ። "አንድ ሰው ነኝ።"

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኖቼ ረጃጅም ናቸው። ጉልበቴም ደረጃ እምቢ ብሏል። ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ዛሬም አያቅተኝም።

"የመጀመሪያውን አንቺ ሂጂ" አልኳት፤ "ለሁለተኛው እኔን ውሰጂኝ።"

ሐሙስ ጠዋት መጥታ ትወስደኛለች።