የራሴ መርዶ

ኮምቦልቻ ኮሌጅ እያለሁ ፈተና በከበደኝ ቁጥር ፌስቡክ ላይ የራሴን ሞት አውጅ ነበር። አንድ ቀን «ወንድማችን በሒሳብ ፈተና ተመቶ አርፏል፤ ቀብሩ ዛሬ በካፌው በር ይፈጸማል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ይዘንለት» እያሉ በሳቅ ፈረሱ። አወይ ቀልደኛ! ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ላይ አፍጥጬ ማንጋት ከጀመርኩ ሳምንት ማለፉን ለማንም አልነገርኩም።

ቤተሰቦቼ በሚኖሩበት ደሴ ዙሪያ ያለ የጎረቤታችን ልጅ ጽሑፉን አየው። ቀልድ አልመሰለውም፤ ለአባቱ ነገረ። ወደ እኔ ቢደውሉ ስልኬ ዝግ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ሽማግሌዎች ማልደው ቤታችን ሄዱና ለእናቴ መርዶዬን ነገሯት። እኔ ስልኬን አጥፍቼ ፈተና ለመግባት እየተሰለፍኩ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ስወጣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ኮሌጁ በር ላይ ቆማለች። ድምጿ ተዘግቷል። ያንን ለቅሶዋን በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ እስከ ዛሬ ግን ይሰማኛል።

ፊቴን በሁለት እጇ ደባበሰችኝና፣ «የጻፍከውን አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። «ሰዎቹ ያሉትንስ?» አለች። አንድ በአንድ፣ ሳቁንም ጭምር፣ አነበብኩላት።

ስጨርስ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም አተኩራ አየችው።

«ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ‹ምን ሆነህ ነው?› ያለህ አንድ እንኳ የለም?»