አህያዋ የት ነበረች?

ወንድሜ የሚዳቋውን ታሪክ ስንት ጊዜ ሲያወራ እንደሰማሁት አላውቅም። በሠርግ አውርቶታል፣ በለቅሶ አውርቶታል፣ አዲስ አበባ ለቡ ያለውን ቤቱን ሲሠሩለት ለነበሩት ግንበኞች ሳይቀር አውርቶታል። ብዙውን ጊዜ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሰሃን ሳነሳ ወይ ልጅ ሳባብል እሰማለሁ። አንድም ቀን አላቋረጥኩትም። ታሪኩን ይዞ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ሊወጣ ሲዘጋጅ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ሚዳቋውን የጣልኩት እኔ ነኝ። አንባቢ እስከ መጨረሻው እንዲጠብቅ አልፈልግም፤ ከወዲሁ ይወቀው።

የተወለድነው ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ፣ ተዳፋት ላይ ካለች መንደር ነው። ከዚያ ግማሽ ቀን ቁልቁል ሲወረድ በረሃው ይጀምራል። ገላጣ ነው። አልፎ አልፎ ግራርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ካልሆነ በቀር ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። አባታችን ገበሬ ነበር። በበጋ ጎተራው ሲጎድል ደጋኑንና ፍላጻዎቹን ይዞ ወደዚያ ይወርዳል። ጠመንጃ የነበረው የመንደሩ ሹም ብቻ ነው። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ከልካይ አልነበረንም፣ ሌላ ሥጋም አልነበረንም።

ገላጣ ሜዳ ላይ ሚዳቋን በደጋን ለማደን እኛ የምናውቀው መንገድ አንድ ነው፤ አህያ። ሚዳቋ ሰውን ከሩቅ ይለያል፣ አህያን ግን አይፈራም። አዳኙ ጎንበስ ብሎ በአህያዋ በወዲያኛው ጎን ይሄዳል። አህያዋ ደግሞ ቀጥ ብላ መሄድ የለባትም፤ ቀጥ ብላ የምትሄድ አህያ ሰው እየነዳት እንደሆነ ሚዳቋ ያውቃል። ጥቂት ትራመዳለች፣ ቆማ ደረቅ ሣር ትነጫለች፣ ዞር ትላለች፣ እንደገና ትራመዳለች። ንፋሱ ከሚዳቋው ወደ አዳኙ መንፈስ አለበት። እስከ ሃያ እርምጃ ድረስ ለመቅረብ ጠዋቱ በሙሉ ያልቃል።

አህያዋን እንደዚያ ማስኬድ የእኔ ሥራ ነበር። ጎሽ ብሎኝ የሚያውቅ የለም፤ ግን ከእኔ በቀር ማንም አይችልባትም ነበር። አንገቷን በሁለት ጣት ስነካት ትቆማለች፣ ጎኗን በጉልበቴ ገፋ ሳደርጋት ትራመዳለች።

ሴት ልጅ አህያ ትነዳለች እንጂ ደጋን አትነካም። ሴት የነካችው ደጋን የጣለውን ሥጋ የመንደራችን ሽማግሌዎች አይቀምሱም፤ ሽማግሌ ያልቀመሰውን ደግሞ ማንም አይበላም፣ ለውሻ ይጣላል። ሌላም ደንብ ነበር። እያንዳንዱ አዳኝ በፍላጻው ዘንግ ላይ በጋለ ብረት ቀለበት ያትማል። የአባቴ ሦስት ቀለበት ነበር፣ የወንድሜ ሁለት። የወደቀው አውሬ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በቀለበቱ ነው። ክርክር የለም።

ደጋን መሳብ ያስተማረኝ ራሱ ወንድሜ ነው። ከብት ስንጠብቅ ብቻውን መለማመድ ይሰለቸውና ይሰጠኝ ነበር፤ ኩይሳ ላይ እንወረውራለን። ማንም አላየንም። ይህን ውለታውን አልክድም።

የዚያን ቀን እኔ አሥራ ሦስት፣ እሱ አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር። አባታችን አውሬ ከሚጠጣበት የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ኩይሳ ተከልሎ ተቀመጠ። እኛን ከአህያዋ ጋር በሌላው ወገን ላከን። ወንድሜ የራሱን ፍላጻ ይዞ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። አንድ አውራ ሚዳቋ ብቻውን ሲግጥ አየንና ንፋሱን ፊታችን ላይ አድርገን ጀመርን። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ ከመንገዱ ግማሹን እንኳ አልጨረስንም። ከዚያ ወንድሜ ቁጭ አለ።

«ቆይ፣ እሾህ ወጋኝ።»

«ነቅለህ ና።»

«ውስጥ ተሰብሯል። መርገጥ አልችልም።»

«ሚዳቋው ይሄዳል እኮ!»

«ይሂድ። አንቺን ምን አገባሽ? አህያሽን ያዢ።»

አህያዬን ያዝኩ። ደጋኑንና አንድ ፍላጻ ከአጠገቡ አንስቼ ቀጠልኩ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም፣ እግሩን ይዞ ያየኛል። ብቻዬን ከሆንኩ በኋላ ሥራው እንዲያውም ቀለለ፤ አህያዋም እኔም የምንሄደው በአንድ ሐሳብ ነበር። የአህያዋ የላብ ሽታ፣ የንፋሱ አቧራ፣ የሚዳቋው ጅራት ሲወዛወዝ። ሌላ የማስታውሰው የለም። አንገቱን አቀርቅሮ ሲግጥ በአህያዋ ሆድ ሥር በርከክ አልኩ፣ የደጋኑን ጅማት እስከ ጆሮዬ ሳብኩና ለቀቅኩ። ፍላጻው ከፊት እግሩ ኋላ ገባ። እርጥብ ቆዳ በጥፊ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ወደ ላይ ዘለለ፣ ሮጠ፣ ከአንድ ግራር ሥር ሲደርስ የፊት ጉልበቶቹ ከዱት።

ወደ ወንድሜ ተመለስኩ።

«ተነስ፣ ደጋንህን ያዝ።»

«መታሽው?»

«ወድቋል።»

ደጋኑን ተቀበለኝ። ከዚያ «አባባ ካወቀ ሥጋው ይጣላል እኮ» አለ።

«ስለዚህ ዝም በል» አልኩት።

አዎ፣ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እናታችን ቤት ውስጥ የቀረውን ማሽላ በእፍኝ እየለካች ነበር። ዝም በል ያልኩት ሥጋው እስኪበላ ነው። ዕድሜ ልክህን አውራው አላልኩትም።

አባታችን ደሙን ተከትሎ መጣ። ፍላጻውን ነቀለ፣ ዘንጉን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ ሁለቱን ቀለበት አየ። ወንድሜ እያነከሰ ደረሰ። አባባ እጁን ራሱ ላይ ጫነና መረቀው። ከዚያ እሳት አነደድን። ጉበቱ ፍም ላይ ተጣለ፤ የመጀመሪያው ቁራጭ ለወንድሜ፣ ሁለተኛው ለአባባ፣ ሦስተኛው ለእኔ። ጨው እንኳ አልነበረንም። እስከ ዛሬ ከበላሁት ሥጋ ሁሉ ያን ያህል የጣመኝ የለም። ስብ የለውም፤ የበረሃ ቅጠል የሚሸት፣ ጥርስ ላይ ለስለስ የሚል ነው። ጣቶቼን ላስኩ። አባባ አየኝና ሳቀ፣ ከጎድኑም ቆርጦ ጨመረልኝ።

የቀረውን አህያዋ ተሸከመች። መንደር ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ቀመሱ፣ ጎረቤት ድርሻውን ወሰደ፣ ለወንድሜ ተዘፈነለት። እናቴ የተረፈውን ዘልዝላ በእሾህ ቅርንጫፍ ላይ አደረቀችው። ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማሽላችንን ያጣፈጠልን ያ ቋንጣ ነው። ስበላ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ያመጣሁት ነው እያልኩ ነው የማኝከው።

ቁጣው የመጣው ቆይቶ ነው። በዚያው ዓመት ከየቤቱ አንድ ልጅ ለትምህርት ቤት ሲመረጥ፣ ከእኛ ቤት «ሚዳቋ የጣለው ልጅ ይሂድ» ተባለ። እሱ ሄደ። እኔ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ልጅ ያዥ ሆኜ መጣሁ፤ ከዚያ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ማሽን ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ጌታን አግኝቶ መጣ። ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የሚዳቋው ቀንድ ለቡ ሳሎኑ ውስጥ ከሠርግ ፎቶው በላይ ተሰቅሏል። እኔ መካኒሳ አቦ በሁለት ክፍል ቤት እኖራለሁ። አልተራብኩም፣ አላማርርም። ግን ረሳሁ ማለት አይደለም።

ሰባ ዓመት ሲሞላው ልጆቹ የምስጋና ፕሮግራም አሰቡለት። እሑድ በጉባኤ ፊት ምስክርነት ይሰጣል፣ ቀንዱም መድረክ ላይ ይቀመጣል ተባለ። ቅዳሜ ለምሳ ተጠራሁ። ኃይሌ ጋርመንት ላይ ታክሲ ቀይሬ ለቡ ስደርስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ከምሳ በኋላ ትልቋ ሴት ልጁ «አባዬ፣ እስቲ እንደ ነገው አድርገህ ተናገረው፣ ሰዓት ልያዝልህ» አለችው። ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በዚያ በረሃ መሃል ብቻዬን ቆምኩ። ሚዳቋው አየኝ፣ እኔም አየሁት። ጌታ ሆይ፣ በእጄ ስጠኝ አልኩ...»

ያን ጊዜ በመንደራችን ጌታን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱን እንኳ ልለፈው። ቆምኩ ሲል ግን ማለፍ አልቻልኩም። ገላጣ ሜዳ ላይ ቆሞ ሚዳቋ የጣለ ሰው አልተፈጠረም።

«አህያዋ የት ነበረች?» አልኩት።

«የቷ አህያ?» አለች ሚስቱ።

«እሱ ይንገርሽ።»

«እትዬ ደግሞ፣ በዚህ ደስታ መሃል አህያ ምን ያደርጋል?» ብላ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞሮ «አህያማ ነበረች፣ ውሃ የጫነች» አለ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። እሾሁን፣ ደጋኑን፣ ቀለበቱን፣ ሁሉንም ከላይ እንደ ጻፍኩት ነገርኳቸው። ድምፄን አላነሳሁም። ስጨርስ አማቹ «እማማ ቀስተኛ ነበሩ እንዴ! እኛኮ ልብስ ሰፊ ብቻ መስለውን» ብሎ ቀለደ። ወንድሜ ፈገግ አለና «እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ሕልም ታበዛለች» አለ።

ሕልም! ነጠላዬን አነሣሁ።

«ነገ መድረክ ላይ ይህን ብትል፣ በጉባኤህ ፊት ተነሥቼ አህያዋን እጠይቅሃለሁ» ብዬው ወጣሁ። ትልቋ ልጁ እስከ በሩ ተከትላኝ መጣች፤ «አክስቴ፣ እውነትዎን ነው?» አለችኝ። «አባትሽን ጠይቂ» አልኳት።

እሑድ ሄድኩ። መሃል ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ዳር ተቀመጥኩ፤ ለመነሣት እንዲመቸኝ። ቀንዱ በነጭ ጨርቅ ላይ ከአበባ ጋር ተቀምጧል። ወንድሜ ማይኩን ያዘና ጉባኤውን ቃኘ። እኔን ሲያይ ቆም አለ።

«ልጅ ሳለሁ» አለ፣ «ከእህቴ ጋር ለአደን ወጣን። አህያ ነበረችን። መንገድ ላይ እሾህ ወጋኝና ተቀመጥኩ። መራመድ አልቻልኩም።»

እጄ የፊቱን ወንበር ይዞ ነበር። ጠበቅኩ። እሱም ጠበቀ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ።

«እኔ ተቀምጬ ነበር» አለ እንደገና። «ሚዳቋው ግን ወደቀ።»

«ሃሌሉያ!» አለ አንዱ ከኋላ። ከዚያ ጉባኤው በሙሉ እልል አለ፣ ጭብጨባው አስተጋባ። ተቀምጦ ላለ ልጅ እግዚአብሔር ሚዳቋ ጣለለት ብለው ነው። አጠገቤ ያለችው ሴት እንባዋን እየጠረገች «ድንቅ አይደለም?» አለችኝ። ወንድሜ አላረማቸውም። እኔም ልነሣ ብዬ ተውኩት። ሃምሳ ዓመት በልቤ ከወንድሜ ጋር ስሟገት ኖሬ፣ አሁን ከማን ጋር ልሟገት?

ሲበተኑ ከበሩ ውጭ ደረሰብኝ። ቀንዱን በፌስታል ይዟል።

«አልዋሸሁም» አለ።

«አልተናገርክምም።»

«አፌ ላይ ደርሶ ነበር።» ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «አባባ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እሾሁን ቤት ስንገባ ያወጣልኝ እሱ ነው። እግሬን አየና 'በዚህ እግር አህያ አልተከተልክም' አለኝ። ከዚያ 'ሥጋው ይበላ፣ አፍህን ያዝ' አለ። እኔ አባቴን ታዘዝኩ።»

ምን ይጠብቅ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ሸክሙን እንዳቀልለት። አባቴ ጎድኑን ቆርጦ ሲጨምርልኝ የሳቀው ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ ጠርጥሮ ይሆን? ሊሆን ይችላል። ግን እሾሁን ካወጣ በኋላ፣ የትምህርት ቤቱ ምርጫ ሲመጣም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሦስታችንም ለሥጋው ስንል ዝም አልን። ሥጋው ካለቀ በኋላ ግን እነሱ ዝም ያሉት ለራሳቸው ነው።

«አባባ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት።

ፌስታሉን ሰጠኝ። ተቀበልኩት። አላመሰገንኩትም፣ አልሳምኩትምም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ወትሮው ሄጄ ምሳ በላሁ፤ የሚዳቋ ነገር አልተነሣም፣ ከፎቶው በላይ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

ቀንዱን ቁምሳጥኔ ላይ አስቀመጥኩት። አቧራ ይይዛል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያቺው ትልቋ የወንድሜ ልጅ ብቻዋን መካኒሳ መጣች። ብርቱካን ይዛ ነበር። ቀንዱን አወረደች፣ በመዳፏ ጠረገችው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አክስቴ፣ አባዬ 'እሷን ጠይቂ' አለኝ» አለች።

አጠገቤ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቅኩላትና ከአህያዋ ጀመርኩ።