መቀመጫዬ ላይ የተቀበረችው ባትሪ

ነቀምቴ ውስጥ ከሰፈሬ ከባኬ ጃማ እስከ ገበያው ድረስ የትኛው ካፌ መጸዳጃ ቤቱን እንደሚቆልፍ፣ የትኛዋ ባለሱቅ ምክንያት ሳትጠይቅ ቁልፍ እንደምትሰጥ በቃሌ አውቃለሁ። ፊኛዬ ገና ሳይሞላ "አሁኑኑ" ይለኛል፤ ካለ ደግሞ አይታገስም። ክኒን ሞክሬ አፌ እየደረቀ ማስተማር አቃተኝ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ሌላ መንገድ ነገረኝ። ከወገብ በታች፣ ነርቩ አጠገብ ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ መቀመጫ ላይ ከቆዳ ሥር ትንሽ ባትሪ ይቀበራል። ባትሪዋ ነርቩን በቀስታ እየነካካች ፊኛውን ታረጋጋለች።

ባለቤቴ በጥሞና ሰምቶ "ዶክተር፣ መብራት ሲጠፋስ?" አለ።

ሐኪሙ ሳይስቅ፣ ባትሪዋ ከቤት መብራት ጋር እንደማትገናኝ አስረዳው። መጀመሪያ ለሙከራ ሽቦዋ ብቻ ገብታ፣ ባትሪ ያለውን መሣሪያ ከውጭ ወገቤ ላይ ታጥቄ ሰነበትኩ። ለውጡን ሳይ እሺ አልኩና ባትሪዋ ተቀበረች።

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ አኖ ከተማ ሳንደርስ ኬላ ላይ ከአውቶብስ ወርደን ተፈተሽን። የፈታሿ የብረት መፈተሻ መቀመጫዬ ጋ ሲደርስ ጮኸ።

"አዴ፣ ኋላዎ ላይ ምን ይዘዋል?"

"ባትሪ ነው። ሥጋዬ ውስጥ ነው።"

"የምን ባትሪ?"

ድምፄን ዝቅ አድርጌ "የሽንት" አልኳት። ከወንዶቹ ሰልፍ የነበረው ባለቤቴ አማርኛው ያልገባት መስሎት፣ በኦሮምኛ ጮክ ብሎ አብራራላት። ያልሰማ ተሳፋሪ አልቀረም።

ፈታሿ የሐኪሙን ማስረጃ አየችና ለብቻዬ ወሰደችኝ። ጉዴ ፈላ ብዬ ስጠብቅ፣ "እናቴም እንደርስዎ ናት" አለችኝ። "በዚህ የተነሳ ለቅሶ እንኳ መድረስ ትታለች። የት ነው የተሠራልዎት?"

የሆስፒታሉን ስም በስልኳ ጻፍኩላት። አውቶብሱ ሲነሳ ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ የባለቤቴን ትከሻ ነካ አድርገው "ለወንዶችም ይሆናል?" አሉት። እሱም እስከ ነቀምቴ ገለጻ አደረገላቸው፤ እኔ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

ፈጽሞ አልዳንኩም። ግን አሁን እሄዳለሁ እንጂ አልሮጥም። ድሮ ፈተና ላይ ተማሪዎቼን ትቼ ወጣ ማለቴ አይቀርም ነበር። ባለፈው ፈተና ግን ፊታቸው እንደተቀመጥኩ ሰዓቱ ገፋ። ከኋላ ያለች ተማሪ ታግሳ ታግሳ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ዛሬ አይወጡም?"

"አልወጣም" አልኳት።

ያን ጊዜ ገና አንገቷን ደፍታ ጥያቄውን ማንበብ ጀመረች።