ለዓሦች የተፈታ ሹራብ

ከሹራቡ የፈታችውን ክር በመጽሐፍ ዙሪያ ትጠመጥማለች። ባንድ በኩል ጥብቅ አድርጋ ታስርና በሌላው በኩል በመቀስ ትቆርጠዋለች። ቀለሙ ለቆ እስኪያልቅ ቀቅላ፣ ቡሽ አስራበት የዓሦቹ ገንዳ ውስጥ ስትጥለው ክሩ እንደ ሣር ይዘናፈላል። ዓሦቹ እንቁላላቸውን እዚያ ካልጣሉ ራሳቸው ይበሉታል።

ልጇ ክው አለች። "እማዬ፣ የአባዬ ሹራብ እኮ ነው! 'ዓሦቹን ካስወጣች ዛሬውኑ እመለሳለሁ' ብሏል።"

"ጥጥ ቢሆን ውሃ ውስጥ ይበሰብስብኝ ነበር፤ ናይለን መሆኑ በጀኝ።"

ሹራቡን የሠራችለት ራሷ ናት፤ ክሩ ከየት እንደሚፈታ ለመፈለግ አልተቸገረችም።

ለማስታረቅ የመጡት ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ተያዩ።

"'ወይ እኔ ወይ ዓሦቹ፣ ምረጪ' አለኝ፤ መረጥኩ" አለች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። "እናንተም ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉልኝ፤ እንቁላል እየጣሉ ነው።"